ስሟን ራሷ የምትጠራ ሴት

ተናጋሪዎቹ አክስትና የእህት ልጅ ናቸው። አክስቲቱ በፈረስ ቤትና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ሠርግ የሚያደምቁ፣ ለቅሶ ላይ ሙሾ የሚያወርዱ ሴት ናቸው። ልጅቱ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ የራፕ ግጥም ትጽፋለች፤ አሁን ለክረምት ዕረፍት መጥታለች። የደጋ ዳሞት ክረምት ከቤት አያስወጣምና ምድጃ ዳር ተቀምጠው ድንች እየላጡ ነው የሚያወሩት።

እትዬ፦ ትናንት ማታ በስልክሽ ስትሰሚያት ያመሸሽው ሴት ምን ሆና ነው? ዘፈን ነው እንዳልል ዜማ የለውም፤ ጠብ ነው እንዳልል ምት አለው።

ልጅት፦ ራፕ ነው እትዬ። ሂፕ ሆፕ ከሚባለው ሙዚቃ ግጥሙ የሚነገርበት ክፍል ነው። ዜማው ጥቂት፣ ቃሉ ብዙ ነው። ከበሮው ይመታል፣ እሷ በምቱ ላይ ስንኝ ትደረድራለች። ቤት ትመታለች፣ ነገር ትወጋለች፣ ራሷን ታወድሳለች፣ የነካት ካለም መልሱን ትሰጠዋለች።

እትዬ፦ እሱማ ፉከራ ነው።

ልጅት፦ እኔም እንደዚያው ነው የሚታየኝ።

እትዬ፦ ታዲያ ፉከራ የወንድ አይደለም እንዴ? ወንዱ ዱላውን ወይም ጠመንጃውን ይዞ ይነሳል፣ የእገሌ ልጅ ነኝ ይላል፣ የሠራውን ይቆጥራል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። እኛ እልል እንላለን። ጦር ሲነሳ ሴትም ትሸልል ነበር፤ እሱ ግን የወንዱን ልብ ለማስነሳት ነው እንጂ ስለ ራሷ አይደለም።

ልጅት፦ የኔም ነገር እዚያ ላይ ነው። በዚህ አገር ሴት አንደበት የላትም የሚል ሰው ቢመጣ እርስዎን አሳየዋለሁ። ነገር ግን አንደበቷ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ሲሠራ ነው ያየሁት። ለሟች ታለቅሳለች፣ ለሙሽራ ትዘፍናለች፣ ለጀግና እልል ትላለች፣ ለሕፃን እሹሩሩ ትላለች። ሰው ተሰብስቦ «እኔ እንዲህ ነኝ፣ እንዲህ አደረግሁ» የምትልበት ቀን ግን አልተሰጣትም።

እትዬ፦ ወፍጮውን ረሳሽው። ስለ ራሳችን የምናንጎራጉረው ወፍጮ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ መጁ በእጅሽ፣ ጎንበስ ቀና እያልሽ የልብሽን ታወጪዋለሽ። ማረፊያሽን ከመጁ ሄዶ መምጣት ጋር ነው የምታገጥሚው። እጁ ሲሄድ ግማሹን ስንኝ፣ ሲመለስ ግማሹን።

ልጅት፦ ማን ሰማዎት ታዲያ?

እትዬ፦ አማት ትሰማለች! ሆን ተብሎ አማት እንድትሰማው የሚባል አለ። ስትጠይቅሽ ደግሞ «ኧረ እኔስ የድሮ እንጉርጉሮ ነው ያንጎራጎርኩት» ትያለሽ። ከዚያ በኋላ የሞተር ወፍጮ መጣ። እጃችን ዐረፈ፣ ወገባችን ቀና አለ፣ እሰይ ነው። እንጉርጉሮው ግን ቦታ አጣ። ወፍጮ ቤት ወረፋ እየጠበቅሽ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ማን ያንጎራጉራል?

ልጅት፦ ስለዚህ ሴት ስለ ራሷ የምትናገርበት አንዱ ቦታ ጨለማ ውስጥ ነበር፣ እሱም ሄደ። ሌላው ለቅሶ ነው። ለቅሶ ላይ አደባባይ ነዎት፣ ወንዱም ሴቱም ይሰማዎታል። እዚያ ፈርተው ያውቃሉ?

እትዬ፦ ለቅሶ ላይ ሴት አትፈራም፤ እሷን ነው የሚፈሯት። ስስታሙ፣ ወንድሙን የበደለው፣ እናቱን ሳይጠይቅ የቀበራት፣ ሁሉም ሙሾ የምታወርደው ሴት ወደሱ ፊቷን ስታዞር አንገቱን ይደፋል። «ዝም በይ» አይላትም። ሐዘን ላይ ናትና ፊት ለፊት የሚቆጣት የለም። አንድ ጊዜ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈጭ፣ ስትጠምቅ፣ እንጨት ስትለቅም የኖረች ጎረቤታችን ሞተች። ተሰብስበው ሲያወሩ የሚወደሰው ባልየው ነው። እህሉ የሱ፣ ጎተራው የሱ፣ እንግዳ ተቀባይነቱ የሱ ሆነ። አንጀቴ አልቻለም። ተነስቼ እንዲህ አልኩ፦

ጎተራው ሲሞላ የሱ ስም ተጠራ፣
መጅ የላጠው እጇን ማንም አላወራ።

ልጅት፦ እትዬ፣ ይሄ ራፕ ነው።

እትዬ፦ ሙሾ ነው። ባልየው ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። በተዝካሯ ጊዜ ግን ስለ እጇ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ልጅት፦ እርስዎ ግን የራስዎን እጅ ለማውራት ሴትዮዋ እስክትሞት መጠበቅ ነበረብዎት። የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የእርስዎም እጅ በዚያው መጅ ተልጧል።

እትዬ፦ ... እውነትሽን ነው። ስለ ራሴ ብዬው ቢሆን ምን ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። «አቤት ጉራ! ባሏ ምን አሳጣት?» ነበር የሚሉኝ።

ልጅት፦ የሂፕ ሆፕ ሴቶች የሰበሩት ይህንኑ ነው። ቀን ሳይጠብቁ፣ ሟች ሳይጠብቁ፣ በራሳቸው ስም ስለ ራሳቸው ተናገሩ። ነገሩ ከመነሻውም የሴት እጅ አለበት። ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ የሚባል የድሆች ሰፈር፣ ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ወጣት ትምህርት ቤት ሲከፈት የምትለብሰው አዲስ ልብስ አማራት። ገንዘብ ለማግኘት በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ጭፈራ አዘጋጀች። መግቢያው ለወንድ 50 ሳንቲም፣ ለሴት 25 ሳንቲም። ሸክላ የሚያጫውተው ወንድሟ ነበር፤ ዲጄ ኩል ሄርክ ይሉታል። የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ ዓለም የሚያከብረው ያቺን ሌሊት ነው። የሱን ስም ሁሉም ያውቃል። ያሰበችው፣ ጥሪውን የበተነችው፣ በር ላይ ገንዘብ ያሰባሰበችው ልጅ ግን ለረጅም ጊዜ «የሄርክ እህት» ሆና ቀረች።

እትዬ፦ ጎተራው ሲሞላ የሱ ስም ተጠራ።

ልጅት፦ በትክክል! ቀጥሎም በ1979 እንደ ፈረንጆቹ፣ ራፕን በሸክላ አሳትማ ዓለም እንዲሰማው ያደረገችው ሲልቪያ ሮቢንሰን ናት፤ የራሷ የሙዚቃ ኩባንያ ነበራት። የኔዋ ግን በ1984 እ.ኤ.አ. የመጣችው ናት። ወንዶች ተሰብስበው አንዲት ሮክሳን የሚሏትን ልጅ፣ «ጠየቅናት፣ ኮራችብን» እያሉ የሚያሾፉባት ዘፈን አወጡ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ተነሳችና «ሮክሳን እኔ ነኝ» ብላ በዚያው ምት ላይ እያንዳንዳቸውን ስማቸውን እየጠራች መለሰችላቸው። ሮክሳን ሻንቴ ትባላለች። ከዚያ በኋላ መልስ በመልስ ላይ እየወጣ ነገሩ ዓመት አለፈው።

እትዬ፦ ይሄማ የኛ ሠርግ ነው። የሙሽራው ወገኖች ሲመጡ የሙሽሪት ወገን ሴቶች አፍንጫቸውን፣ ቁመታቸውን፣ የመጡበትን በቅሎ ሳይቀር እያነሱ ይሰድቧቸዋል። እነሱም ይመልሳሉ። ማን አፍ እንዳለው የሚታየው ያኔ ነው። ግን ሲበሉ ይታረቃሉ። ያቺ ልጅ በ14 ዓመቷ ማን ገላገላት?

ልጅት፦ ማንም። ወንዱም ሴቱም በመልስ ዘፈን ዘመቱባት። አፍ ብቻውን ጉልበት እንደማይሆን ከሷ ይታያል።

እትዬ፦ አየሽ። ሴት አደባባይ ስትወጣ ከኋላዋ የሚቆም ሰው ያስፈልጋታል። ሙሾ ስናወርድም እንዲሁ ነው፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ይሄን ንገሪኝ። የፈረንጅ ሴቶች ናቸው ያሰማሽኝ። የኛ አገር ሴት ቃል በመደርደር የታወቀች የለችም?

ልጅት፦ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቋቸዋል። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ።

እትዬ፦ የጽላሎዋ! ማን የማያውቃቸው አለ በጎጃም? ዓይናቸው ማየት ሳይችል ቅኔውን ከአባታቸው ተምረው፣ ኋላ ወንበሩን ዘርግተው ወንዱን ሁሉ ያስተማሩ። ስንቱ መሪጌታ ከሳቸው እግር ሥር ነው የወጣው!

ልጅት፦ እስኪ ያስቡት። ቅኔ ማለት በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ቤት መምታት አለበት፣ ምጣኔው መጠበቅ አለበት፣ ከላይ የሚሰማው ሌላ፣ ከሥር የተደበቀው ሌላ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ደግሞ ሰው ፊት፣ በቃል ነው። የብሮንክስ ልጆች በየመንገዱ ተፋጥጠው የሚወዳደሩበት ሕግ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እማሆይ ገላነሽ በዋሸራና በጎንጅ አገር፣ ሴት ቅኔ ቤት በማይታይበት ዘመን፣ የወንዶቹን ስንኝ አርመዋል። ለኔ ከማንም በፊት እሳቸው ናቸው።

እትዬ፦ እሳቸው ግን «እኔ» አላሉም። ለእግዚአብሔር ነው የተቀኙት።

ልጅት፦ ወንበሩ ላይ መቀመጣቸው ራሱ «እኔ» ማለት ነው። ከሳቸው በኋላ ደግሞ ጂጂ አለች፤ የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው። ልጅ ሳለች ቤታቸው ከሚመጣ ቄስ ዜማ ትማር ነበር። አድጋ አሜሪካ ስትሄድ ከቢል ላስዌል ጋር ሆና በ2001 እ.ኤ.አ. በራሷ ስም የተሰየመውን አልበም አወጣች። ያ አልበም ውስጥ የኛ አገር ዜማ አለ፣ የጥቁር አሜሪካና የጃማይካ ምትም አለ። ጂጂ ራፐር አይደለችም። ነገር ግን «አድዋ» የሚለውን ዘፈኗን ሲሰሙ የአገርን ታሪክ የምትነግረን አንዲት ሴት ናት፣ በራሷ ድምፅ፣ እኔም ወራሽ ነኝ ብላ። እስከዚያ ድረስ ስለ አድዋ ሲፎክር የሰማሁት ወንድ ነበር።

እትዬ፦ ስለ ጣይቱ የዘፈኑ ልጆችም ነበሩ፤ ሬድዮ ላይ እሰማቸው ነበር።

ልጅት፦ «የኛ» ናቸው! አምስት ልጆች። በ2005 ዓ.ም. ድራማና ሙዚቃ አንድ ላይ ይዘው በአማራ ክልል ሬድዮ ሲጀምሩ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። «ጣይቱ» የሚለውን ከአስቴር አወቀ ጋር ነው የሠሩት። ያለ ዕድሜ ጋብቻን፣ ድብደባን፣ ከትምህርት ቤት መቅረትን ያነሱ ነበር። ሴት ልጅ ስለ ሴት ልጅ ሬድዮ ላይ ስታወራ መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። እኛ አምስት ሆነን፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ እነሱን እንሆን ነበር። ታሪካቸው ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። ብዙው ገንዘብ የሚመጣው ከእንግሊዝ መንግሥት ነበር። እዚያ ያሉ ጋዜጦች «የግብራችን ገንዘብ ለዘፋኞች ይሄዳል» ብለው ጮኹ፤ በ2009 ዓ.ም. ድጋፉ ተቋረጠ።

እትዬ፦ ስንቁን የሰጠሽ ሰው መንገዱንም ይቆርጥልሻል።

ልጅት፦ ስለዚህ ሴቷ ቃሏ ብቻ ሳይሆን ገንዘቧም የራሷ መሆን አለበት። ክዊን ላቲፋ የምትባል አለች። በ1989 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አልበሟን ስታወጣ ገና 19 ዓመቷ ነው። በራሷ ላይ እንደ ንግሥት ጥምጥም ታደርግ ነበር። የዘፈን ገንዘቧን ይዛ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ኩባንያ አቋቋመች፤ ሌሎች ሙዚቀኞችን ራሷ ማስተዳደር ጀመረች። በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዘፈን ሴትን በስድብ ስም የሚጠሩትን ወንዶች፣ መንገድ ላይ የሚጎነትሉትን፣ ቤት ውስጥ የሚደበድቡትን ፊት ለፊት ተናገረቻቸው። ዘፈኑ የግራሚ ሽልማት አገኘ።

እትዬ፦ ይቺን ወደድኳት። ግን ሁሉም እንደሷ አይደሉም፤ አታታልይኝ። በሚሞሪ አስጭነሽ ያመጣሽውን ለወንድምሽ ስታሳዪው ከኋላችሁ ቆሜ አይቻለሁ። ራቁቷን የቀረች ሴት፣ ወገቧን ስትነቀንቅ። ይሄ ነው ኃይል የምትይው?

ልጅት፦ ስለዚህ ነገር ራሴም ስከራከር ነው የከረምኩት። የሚሉት እንዲህ ነው፦ ወንዶቹ በዘፈናቸው የሴትን ገላ ሲሸጡ ኖረዋል፤ ትርፉንም የወሰዱት እነሱ ናቸው። አሁን ገላው የኔ ነው፣ ዋጋውንም የምቆርጠው እኔ ነኝ። ካርዲ ቢ በ2019 እ.ኤ.አ. ምርጥ የራፕ አልበም የሚባለውን ግራሚ ስትወስድ በብቸኝነት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከየት ተነስታ እዚያ እንደደረሰች ሳትደብቅ ነው የምትናገረው። ድሃ የነበረች ሴት «ማንም አላነሳኝም፣ ራሴ ተነሳሁ» ስትል መስማት ትልቅ ነገር ነው።

እትዬ፦ አለመደበቋ ጥሩ። ግን ዋጋ ቆራጩ ነው እንጂ የተለወጠው፣ ገበያው ያው ነው። የሚያይሽ ሰው ያው ገላሽን ነው የሚያየው፤ ቃልሽን መቼ ይሰማል? እኔ ሙሾ ሳወርድ ነጠላዬን አገልድሜ፣ ፀጉሬን ፈትቼ፣ ደረቴን እየመታሁ ነው። ማንም ስለ መልኬ አያስብም። ቃሌን ብቻ ነው የሚሰማው። ይሄ ነው ኃይል።

ልጅት፦ ይህን የተረዳች አንዲት አለች፤ ሚሲ ኤሊየት። በ1997 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ቪዲዮዋን ስትሠራ ሌሎቹ ሁሉ ቀጭን ሆነው፣ ገላቸውን አሳይተው በሚታዩበት ጊዜ፣ እሷ አየር የተሞላ ትልቅ ጥቁር ላስቲክ ለብሳ ቀረበች። ወፍራም ናት ይሏት ነበር፤ ባሰ ተልቃ መጣች። ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ቀረ፤ ገላዋን ግን ማንም አላየም። ደግሞ ምቱን ራሷ ታቀናብራለች፣ ለሌሎችም ትጽፋለች። በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ ታላላቅ ሙዚቀኞች የክብር አዳራሽ ስትገባ የመጀመሪያዋ ሴት ራፐር እሷ ሆነች።

እትዬ፦ ብልህ ናት። እንግዲህ ላንቺ የምልሽ ይሄ ነው፤ የሸፈነችውን አትስደቢብኝ፣ የገለጠችውንም አልረግማትም። ጥያቄው ስትጨርስ ሰው ምኗን ይዞ ይሄዳል ነው። ስንኟን ይዞ ከሄደ ኃይል አላት። ሌላ ነገር ይዞ ከሄደ ግን ጉልበቱ የሻጩ ነው።

ልጅት፦ እቀበላለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ላሳይዎት። ሶኒታ አሊዛዴህ ትባላለች፤ አፍጋኒስታናዊት ናት። ኢራን ውስጥ ስደተኛ ሆና ስታድግ ቤተሰቦቿ ሊድሯት አሰቡ። ወንድሟ ለሚያገባት ልጅ ጥሎሽ ያስፈልገዋል፤ እሷ በ9,000 ዶላር ብትዳር የሱ ጥሎሽ ይሞላል። ኢራን ውስጥ ሴት ለብቻዋ በአደባባይ መዝፈን ክልክል ነው። እሷ ግን በ2014 እ.ኤ.አ. በድብቅ የራፕ ቪዲዮ ሠራች። የሙሽራ ልብስ ለብሳለች፣ ፊቷ ላይ የተደበደበች ሴት በለዝ ተስሏል፣ ግንባሯ ላይ የሱቅ ዕቃ ላይ እንደሚለጠፈው ያለ የዋጋ ምልክት አለ። «የሚሸጡ ሴት ልጆች» ብላ ነው የሰየመችው። ዓለም አየው። ጋብቻው ቀረ፤ አሜሪካ ሄዳ ተማረች።

እትዬ፦ ... እናትሽ ስድስተኛ ክፍል ነበረች።

ልጅት፦ አውቃለሁ።

እትዬ፦ አታውቂም፤ አልነገርንሽም። ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌ መጣ። መምህሩ ሳይቀር ቤት ድረስ መጥቶ «ጎበዝ ናት፣ ተዉአት» ብሎ ለመነ። አባታችን እሺ አላለም። ያኔ በክልላችን ሴት ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላት አትዳር የሚለው የቤተሰብ ሕግ ገና አልወጣም፤ በ1995 ዓ.ም. ነው የወጣው። እኔ በሠርጓ ዘፈንኩ። «ሙሽራዬ» እያልኩ፣ እየሳቅሁ። እሷ ደብተሮቿን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተች። ድምፄ ያምራል ተብሎ ተወደስኩ። ልጄ፣ ያን ቀን ሴት አንደበቷን ለሌላ ሰው አሠራች ብትይ እውነትሽን ነው።

ልጅት፦ ደብተሮቹን አግኝቻቸዋለሁ እትዬ። አሁንም ሣጥኑ ውስጥ ናቸው። ግጥም መጻፍ የጀመርኩት እነሱን ካየሁ በኋላ ነው።

እትዬ፦ ታዲያ ያንን ጻፍሽው?

ልጅት፦ አልጻፍኩትም። የጻፍኩት እንዲህ ነው፤ መነሻዬ ነው፦

የደጋ ዳሞት ልጅ ብርድ ያጠነከረኝ፣
ስሜን ራሴ ልጥራው ማንም ሰው ሳይነግረኝ።

እትዬ፦ አንደኛው ስንኝ ጥሩ ነው። እውነት ነው፤ ይሄ ብርድ ያጠነክራል። ሁለተኛው ግን ቤት እንዲመታልሽ ብቻ የገባ ነው። ማን ነገረሽ? ማንስ ከለከለሽ? የፉከራ ወጉ እንዲህ አይደለም። ወንዱ ሲፎክር ዝም ብሎ ጀግና ነኝ አይልም፤ የት እንደዋለ፣ ምን እንደያዘ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል። መረጃ ያቀርባል። አንቺ ምን ይዘሽ ነው ስምሽን የምትጠሪው?

ልጅት፦ የናቴን ደብተር።

እትዬ፦ በይ አስገቢዋ! ምጣኔውን ጠብቂ፤ «ረኝ» የሚለውን ማረፊያ አትልቀቂ።

ልጅት፦ ...እንዲህ ብለውስ፦

የደጋ ዳሞት ልጅ ብርድ ያጠነከረኝ፣
እናቴ የተወችው ደብተር ያናገረኝ።

እትዬ፦ እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! አሁን ማን እንደሆንሽ ታወቀ። የመጀመሪያው የማንም ደፋር ልጅ ነበር፤ ይሄ ያንቺ ነው፣ የእናትሽም ነው። ፎከርሽ፤ ግን ብቻሽን አልፎከርሽም።

ልጅት፦ አሁን ገና ገባኝ። «እኔ» ማለት ከሌሎቹ መለየት ይመስለኝ ነበር።

እትዬ፦ ስም የሚጠራው ከዘር ጋር ነው። መሬት ሲለካ፣ የይዞታ ደብተሩ ላይ ስሜ ከባሌ ስም ጎን ተጻፈ። ማንበብ አልችልም፤ ግን ጣቴን አስቀምጬ «ይቺ እኔ ነኝ» አልኩ። እስከዚያ ድረስ ባሏ ሲሞት ከመሬቷ የምትገፋ ሴት ብዙ ነበረች። ዕድሜ ልኬን ለሌላ ሰው ስም ሳደምቅ ኖሬ፣ የኔ ስም በወረቀት የሰፈረው ያኔ ነው። ይሄንንም ጻፊው። ራፕሽ ስለ ስምሽ ብቻ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። ስለ ደብተር፣ ስለ መሬት፣ ስለ መጅ ከሆነ ግን አያልቅብሽም።

ልጅት፦ ባሕር ዳር ሳሳያቸው ልጆቹ «ራፕ ውስጥ ምን ገጠር አመጣሽ» ይሉኛል። የሚታወቁት የአማርኛ ራፐሮችም አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ እነ ቴዲ ዮ፣ እነ ልጅ ሚካኤል። እነሱን እንድመስል ይፈልጋሉ። ቴዲ ዮ ግን ስሙ የተጠራው የጉራጌን ምት ሲያስገባ ነው። ውጭ ያደገችው መሬባም፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ ነው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣችው አልበም ውስጥ ራፑንም እንጉርጉሮውንም ለያይታ አልተወችም። ምቱ ከየትም ይምጣ፣ ቃሉ ከሚያውቁት ቦታ መምጣት አለበት።

እትዬ፦ እንግዲህ ያቆየሁትን ልንገርሽ። አውራጇ ብቻዋን አታወርድም። ሙሾ ላይ እኔ አንድ ስንኝ ስል፣ ከበው የቆሙት ሴቶች ይቀበሉኛል። ያልኩት እውነት ከሆነ አንጀታቸው ይቃጠላል፣ ደረታቸውን እየመቱ ይደግሙታል። ሐሰት ከሆነ፣ ሟቿን የማላውቅ ሆኜ ለይምሰል ካወረድኩ፣ ማንም አይቀበለኝም፤ ስንኙ እዚያው ይወድቃል። አየሽ፣ ኃይሉ ያለው አውራጇ አፍ ላይ ብቻ አይደለም። የሚያውቁሽ ሴቶች ሲደግሙት ነው ቃልሽ ጉልበት የሚያገኘው። ያቺ የ14 ዓመት ልጅ ያጣችው እሱን ነው። አንቺ ስልክ ውስጥ ስታስገቢው ተቀባይሽ ማን ነው?

ልጅት፦ የማላውቃቸው ሰዎች። ጥሩ ያሉኝም፣ የሰደቡኝም ማን እንደሆኑ አላውቅም።

እትዬ፦ ስለዚህ ከስልኩ በፊት እዚህ በይው። የሴቶቹ ዕድር ሲሰበሰብ አንድ ቦታ አስገባሻለሁ። የትምህርት ቤት ልጆችም ይምጡ። የማይቀበሉትን ስንኝ ጣይው፤ የተቀበሉትን ያዢው። ከዚያ ባሕር ዳርም ውሰጅው፣ አሜሪካም ላኪው።

ልጅት፦ ወንዶቹስ? «ይቺ ደግሞ ማን ሆና ነው የምትፎክረው» ቢሉስ?

እትዬ፦ ይላሉ። እኔም ስለዚያች ሴት እጅ ሳወርድ «ኧረ ዝም አስብሏት» ያለ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዲት ሴት ብቻ ስትናገር ዝም ማሰኘት ቀላል ነው። ግን ከመሐል አንዷ ተነሥታ ስንኙን ደገመችው። ከዚያ ሦስተኛዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ያን ጊዜ ማንም ማንንም ዝም ማሰኘት አልቻለም። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሴት አንቺ ሁኚ። ሁለተኛዋን እኔ እሆናለሁ።